ልብ ወለድ ዓለም በፊዚክስ ሚዛን

ሚዛን ለተሠራለት ነገር እውነተኛ ዳኛ ነው፤ ላልተሠራለት ነገር ግን ሐሰተኛ ምስክር ይሆናል። ወርቅ በሚመዘንበት ሚዛን ዜማ አይመዘንም፤ እህል በሚሰፈርበት ቁናም የጥበብ ቃል አይሰፈርም። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ነገር ግን በዛሬው ዘመን በአሜሪካና በአውሮፓ፣ በሌላም አገር ባሉ የልብ ወለድ ታሪክ ወዳጆች ዘንድ፣ ይህን የታወቀ ነገር የሚያስረሳ አንድ ክርክር በርትቶ ይገኛል። ክርክሩም ደራሲዎች በልቡናቸው ከፈጠሯቸው ዓለሞች የትኛው ከየትኛው ይበረታል የሚል ነው። ተከራካሪዎቹ መጽሐፍን ከመጽሐፍ፣ ሲኒማን ከሲኒማ ያጋጥማሉ፤ የዚህ ጀግና መሣሪያ ስንት ጁል ጉልበት ያወጣል፣ የዚያ መርከብ በሰከንድ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል እያሉ በፊዚክስ ትምህርት ያሰላሉ፤ በመጨረሻም ቍጥሩ የበለጠለት ዓለም አሸናፊ ነው ብለው ይፈርዳሉ።

ይህን ክርክር የሥራ ፈቶች ጨዋታ ነው ብሎ መናቅ አይገባም። ልብ ወለድን በፊዚክስ መመርመር ዛሬ የተጀመረ አይደለምና፤ ስማቸው የገነነ ሊቃውንትም አድርገውታል፤ ከምርመራውም ለሰው ሁሉ የሚጠቅም ዕውቀት ተገኝቷል። እንግዲህ ጥያቄው ሚዛኑ ይቅረብ ወይስ አይቅረብ የሚል ሳይሆን፣ ሚዛኑ የሚመዝነው ምንድን ነው የሚል ነው። ለዚህም መልስ ለማግኘት ከሁሉ አስቀድሞ የዳንቴንና የጋሊሌዮን ነገር መመልከት ያስፈልጋል።

ዳንቴ አሊጊዬሪ የተባለው የፍሎሬንስ ባለቅኔ በ1321 ዓ.ም. ከመሞቱ በፊት መለኮታዊ ኮሜዲያ የተባለውን ታላቅ ግጥሙን ፈጸመ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። በግጥሙ መጀመሪያ ክፍል ሲኦልን ከምድር ገጽ በታች እስከ ምድር እምብርት ድረስ እየጠበበ የሚወርድ ጕድጓድ አድርጎ ሥሎታል። ይህ የባለቅኔ ሥዕል ነው እንጂ የሃይማኖት ድንጋጌ አይደለም። ነገር ግን ዳንቴ ክበቡን፣ ቍልቍለቱንና መሻገሪያውን ሁሉ በጥንቃቄ ስለ ገለጠ፣ ከእርሱ በኋላ የተነሡ መርማሪዎች የዚህን ጕድጓድ ልክ ለማወቅ ተመኙ። በ15ኛው መቶ ዓመት አንቶኒዮ ማኔቲ የተባለ የፍሎሬንስ ሰው አንድ ልክ አወጣለት፤ በ1544 ዓ.ም. ደግሞ አሌሳንድሮ ቬሉቴሎ የተባለ የሉካ ሰው የማኔቲን አሳብ ትቶ እጅግ ያነሰ ሌላ ልክ አሳተመ። በዚህም ምክንያት ነገሩ የስሌት ብቻ ሳይሆን የከተማ ክብር ክርክር ሆነ።

በ1588 ዓ.ም. ጋሊሌዮ ጋሊሌይ፣ ገና ስሙ ያልታወቀ የ24 ዓመት ጐልማሳ ሳለ፣ በፍሎሬንስ አካዳሚ ፊት ቀርቦ ስለ ዳንቴ ሲኦል ቅርጽ፣ ስፍራና መጠን ሁለት ንግግር አደረገ። ማኔቲን ደግፎ፣ የጕድጓዱ ሹል ጫፍ በምድር እምብርት፣ የሰፊው አፉ መካከል ደግሞ ከኢየሩሳሌም በታች መሆኑን አስረዳ። ስፋቱ ሁሉ ሲታሰብም ከምድር አካል ከዐሥራ አራት እጅ አንዱን እንኳ እንደማይሞላ ገለጠ። ዳንቴ የናምሩድን ፊት በሮማ ከሚገኘው በጥድ ፍሬ አምሳል ከተሠራው ነሐስ ጋር ስላመሳሰለው፣ ጋሊሌዮ ከዚያ ቃል ተነሥቶ የናምሩድን ቁመት፣ ከናምሩድም ቁመት የሉሲፈርን ቁመት ቈጠረ፤ ይኸውም ወደ 2000 ክንድ የሚጠጋ ሆነ። በሚከተለው ዓመት ጋሊሌዮ በፒዛ ከተማ የሂሳብ መምህር ሆኖ ተሾመ።

በዚህ ንግግር ውስጥ ግን አንድ የተሰወረ ስሕተት ነበረ። ከጕድጓዱ በላይ ያለው የምድር ጣራ ውፍረቱ ከምድር እምብርት እስከ ገጿ ካለው ርቀት ስምንተኛው እጅ ነበርና፣ ይህ ጣራ እንዴት ሳይፈርስ ይቆማል ለሚል ተቃዋሚ መልስ ያስፈልግ ነበር። ጋሊሌዮም ሰው የሚሠራውን የግንብ ጕልላት ምሳሌ አድርጎ አመጣ፤ ትንሹ ጕልላት በዚህ መጠን ውፍረት ከቆመ፣ ትልቁም በዚሁ መጠን ቢሠራ ይቆማል አለ። ነገሩ ለጆሮ የቀና ይመስላል፤ ግን እውነት አይደለም። ቅርጹ ሳይለወጥ ርዝመቱ ዐሥር እጥፍ የሆነ ነገር ክብደቱ ሺህ እጥፍ ይሆናል፤ ክብደቱን የሚሸከመው የግንቡ ወይም የአጥንቱ ስፋት ግን መቶ እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ጣት የሚያህል ስፍራ ከቀድሞው ዐሥር እጥፍ ይጫነዋል። በሺህ ኪሎ ሜትር የሚቈጠር ጣራ እንደ ቤት ጕልላት ሊቆም አይችልም፤ በራሱ ክብደት ይወድቃል።

ይህንን ሕግ ለዓለም የገለጠው ማን ነው ቢባል፣ ያው ጋሊሌዮ ራሱ ነው። በ1638 ዓ.ም. በላይደን ከተማ በታተመው ስለ ሁለት አዲሶች ዕውቀቶች በጻፈው መጽሐፉ፣ በአንድ መጠን የተሠሩ ትንሽና ትልቅ መሣሪያዎች ጥንካሬያቸው እኩል እንደማይሆን፣ ረዥም ግዙፍ ሰውም አጥንቱ ያለ መጠን ካልወፈረ ወይም ከሌላ ጠንካራ ነገር ካልተሠራ ሊቆም እንደማይችል አስተማረ። አንዳንድ የታሪክ መርማሪዎች የዚህ ትምህርት መነሻ በወጣትነቱ በዳንቴ ሲኦል ላይ የሠራው ስሕተት ነው ይላሉ። መነሻው ያም ሆነ ሌላ፣ ይህ ብቻ ግልጥ ነው፤ ጋሊሌዮ በኋላ ባገኘው ሕግ ቢመዘን የማኔቲ ጣራ ይፈርሳል፤ የዳንቴ ግጥም ግን ከጣራው ጋር አልፈረሰም። ከ1638 ዓ.ም. በኋላ የተነሣ አንባቢ ሁሉ ጣራው እንደማይቆም ማወቅ ይችላል፤ ሆኖም እያወቀ ያነብበዋል፤ ይፈራል፤ ያዝናል።

ይህንኑ ሕግ በ1926 ዓ.ም. እንግሊዛዊው የሕይወት ትምህርት ሊቅ ጄ. ቢ. ኤስ. ሃልዴን በሌላ መጽሐፍ ላይ አዋለው። ጆን ቡንያን በ1678 ዓ.ም. ስለ አንድ ክርስቲያን መንገደኛ የጻፈው፣ በአማርኛም ተተርጕሞ የተነበበው መጽሐፍ፣ በመንገዱ ላይ የሚያደቡ ግዙፋን ሰዎች አሉበት። ሃልዴን በልጅነቱ ባየው ባለ ሥዕል እትም እነዚህ ግዙፋን ቁመታቸው 60 ጫማ ያህል ነበር። ከሰው ዐሥር እጥፍ ቢረዝሙ ክብደታቸው ሺህ እጥፍ፣ የአጥንታቸው ስፋት ግን መቶ እጥፍ ነውና፣ አንድ እርምጃ በተራመዱ ቍጥር ጭናቸው ይሰበር ነበር ሲል አስረዳ። ስሌቱ ትክክል ነው። ግን በዚያው መጽሐፍ ተስፋ መቍረጥ የሚባል ግዙፍ ሰው መንገደኛውን ይዞ በጥርጥር ግንብ ውስጥ እንዳሰረው፣ እስረኛውም የግንቡን በር የከፈተው ተስፋ ቃል በሚባል መክፈቻ እንደ ሆነ ተጽፏል። የዚህ ግዙፍ ሰው ኀይል በጭኑ አጥንት ውስጥ አልነበረም፤ በእስረኛው ልብ ውስጥ ነበረ እንጂ። ሃልዴን የጭኑን አጥንት በትክክል መዘነ፤ የእስረኛውን ልብ ግን አልመዘነም፤ እመዝናለሁም አላለም። በዚህ ረገድ ከዛሬዎቹ ተከራካሪዎች ይልቅ ጥንቁቅ ነበረ።

እንግዲህ ፊዚክስ ለሥነ ጽሑፍ ምርመራ አይረዳም ማለት ነውን? አይደለም። ደራሲው በዓለሙ ላይ ያጸናውን ሕግ ጠብቆ እንደ ሆነ ወይም አፍርሶ እንደ ሆነ ለማወቅ ይህን የመሰለ መርማሪ ጥቂት ነው። ለዚህም ከዚያው ከዳንቴ ምስክር ይገኛል። በሲኦል ክፍል በ34ኛው ምዕራፍ፣ ዳንቴና መሪው ቪርጂል የሉሲፈርን ጠጕር ይዘው እየተንጠላጠሉ ወደ ምድር እምብርት ይወርዳሉ። ከወገቡ ዘንድ በደረሱ ጊዜ ቪርጂል በብርቱ ድካም ራሱን እግሩ ወደ ነበረበት ወገን አዞረ፤ ከዚያም መውረድን ትቶ መውጣት ጀመረ። ዳንቴ ወደ ሲኦል የሚመለሱ መሰለው፤ ዐይኑን አቅንቶ በተመለከተ ጊዜም የሉሲፈር እግሮች ወደ ላይ ተዘርግተው አየ። ክብደት ሁሉ ከየአቅጣጫው የሚሳብበትን ነጥብ አልፈው ነበርና፣ ታች የነበረው ላይ ሆነ።

ይህ የተጻፈው ኒውተን በ1687 ዓ.ም. ስለ ስበት ያሳተመው መጽሐፍ ከመውጣቱ ከ360 ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው። በዛሬው ትምህርት ሲመረመር አንድ ነገር ብቻ ይታረማል፤ በእምብርቱ ላይ ክብደት ስለሚጠፋ የቪርጂል ድካም መቅለል እንጂ መክበድ አይገባውም ነበር። የአቅጣጫው መገልበጥ ግን የቀና ነው። አንባቢ ያስተውል፤ የዚህ ስፍራ ግርማ የሚመጣው ባለቅኔው ከሕግ በመውጣቱ አይደለም፤ በዘመኑ የታወቀውን የክብደት ሕግ እስከ መጨረሻው ተከትሎ በመሄዱ ነው። በውድቀት መጨረሻ ላይ መውጣት እንደሚጀምር የሚያሳየው አሳብ፣ ከዚህ ሕግ ውጭ እንዲህ ባለ ግልጥ ሥዕል ሊነገር አይችልም ነበር።

ይህ የዳንቴ ታማኝነት በኋላ ዘመን በሁለት ታላላቅ ደራሲዎች መካከል ክርክር ሆነ። ፈረንሳዊው ጁል ቬርን በ1865 ዓ.ም. ከምድር ወደ ጨረቃ በተባለው መጽሐፉ ሦስት ሰዎችን በመድፍ ጥይት ውስጥ አስቀምጦ ከአሜሪካ ከፍሎሪዳ ምድር ወደ ጨረቃ ተኰሳቸው። የመድፉ ርዝመት 900 ጫማ፣ የጥይቱም ፍጥነት በሰከንድ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ከምድር ስበት ለመውጣት የሚያስፈልገው ፍጥነት 11.2 ኪሎ ሜትር ነውና፣ ቬርን እጅግ ተጠግቷል። በ1969 ዓ.ም. ወደ ጨረቃ የሄዱት ሰዎችም ሦስት ነበሩ፤ የተነሡትም ከፍሎሪዳ ነው።

ነገር ግን ጥይቱ 900 ጫማ በሚያህል አፈ ሙዝ ውስጥ ይህን ፍጥነት ለማግኘት ያለው ጊዜ የሰከንድ 20ኛ እጅ ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት በውስጡ ያሉት ሰዎች ክብደት ከ20000 እጥፍ በላይ ይሆናል፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ1400 ቶን በላይ ይከብዳል። ቬርን ከእግራቸው በታች ያኖረው የውሃ ማለዘቢያ ምንም አይጠቅማቸውም፤ ሦስቱም ከአፈ ሙዙ ሳይወጡ ይሞታሉ።

እንግሊዛዊው ኤች. ጂ. ዌልስ ደግሞ በ1901 ዓ.ም. በጨረቃ የመጀመሪያ ሰዎች በተባለው መጽሐፉ ሌላ መንገድ ያዘ። መንገደኞቹን የወሰዳቸው ስበትን የሚከለክል፣ ካቮራይት የሚባል የፈጠራ ማዕድን ነው። በ1903 ዓ.ም. ቬርን ከአንድ ጋዜጠኛ ጋር ሲነጋገር፣ እርሱ በፊዚክስ ሲጠቀም ዌልስ ግን የሌለ ነገር እንደሚፈጥር ገልጦ ይህን ብረት ያሳየኝ የሚል ነቀፋ ሰነዘረ። ነቀፋው በከንቱ አይደለም። ስበትን የሚከለክል ገበታ ቢኖር፣ ከመንኰራኵር ግማሽ በታች አኑሮት አንዱ ወገን ቀላል ሌላው ከባድ በሆነ ነበር፤ መንኰራኵሩም ያለ አንዳች ማገዶ ለዘላለም በዞረ ነበር። ይህም ጉልበት ከምንም አይገኝም የሚለውን ጽኑ ሕግ ያፈርሳል።

ነገር ግን ዌልስ ይህን አንድ ሐሰት ካስቀመጠ በኋላ የሚያስከትለውን አልሸሸገም። በመጽሐፉ የካቮራይቱ ገበታ መጀመሪያ በተሠራ ጊዜ ከበላዩ ያለው አየር ክብደቱን አጥቶ ወደ ላይ ተስፈነጠረ፤ በዙሪያው ያለውም አየር ወደ ባዶው ስፍራ ሲሮጥ ዐውሎ ነፋስ ተነሥቶ ቤቶችን አፈረሰ። ዌልስ በ1933 ዓ.ም. በጻፈው መቅድም ላይም ደራሲ አንድ ድንቅ ነገር ብቻ አስቀምጦ ሌላውን ሁሉ እንደ ወትሮው ይተው የሚል አሳብ ገልጧል። እንግዲህ በፊዚክስ ብቻ የተፈረደ እንደ ሆነ ሁለቱም ይወድቃሉ። በታማኝነት የተፈረደ እንደ ሆነ ግን ፍርዱ ይለወጣል፤ ቍጥር የሰጠው ቬርን ቍጥሩ ሰዎቹን በሚገድልበት ስፍራ ላይ ዐይኑን ጨፈነ፤ ቍጥር ያልሰጠው ዌልስ ግን ሐሰቱ ያመጣውን ዕዳ ከፈለ።

አሁን ወደ ዛሬው ክርክር መመለስ ይገባል። በ1977 ዓ.ም. በታየው የከዋክብት ጦርነት በተባለው ሲኒማ፣ ጨረቃ የምታህል የጦር ምሽግ አንድን ዓለም በአንድ ተኩስ ትበትናለች። ምድራችንን የሚያህል ዓለም ፈጽሞ ለመበተን ቢያንስ ከ2 በኋላ 32 ዜሮ የሚጻፍለት የጁል ቍጥር ያስፈልጋል፤ ይህም ፀሐይ ወደ አንድ ሳምንት በሚጠጋ ጊዜ የምታፈልቀውን ጉልበት ያህላል። ስሌቱ ያምራል፤ ለተማሪም ያስተምራል። ተከራካሪዎቹ ግን ከዚህ ተነሥተው ይህ ዓለም ያንን ዓለም ያሸንፋል ሲሉ፣ ሦስት ስሕተት ይሠራሉ።

መጀመሪያው፣ ሕግን እየመረጡ መያዝ ነው። በዚያው ሲኒማ መርከቦቹ ከብርሃን ፍጥነት በላይ ይሄዳሉ። አይንሽታይን በ1905 ዓ.ም. ባወጣው ትምህርት ግን ክብደት ያለው አካል ወደ ብርሃን ፍጥነት በቀረበ መጠን የሚያስፈልገው ጉልበት ያለ ልክ ያድጋል፤ የብርሃንን ፍጥነት ሊደርስበትም አይችልም። ሕጉ በምሽጊቱ ተኩስ ላይ ከጸና በመርከቡም ላይ ሊጸና ይገባል፤ ያን ጊዜ ግን ትንሿ መርከብ ልክ የሌለው ጉልበት ያላት ትሆናለች፤ የምሽጊቱም ቍጥር ከንቱ ይሆናል። በዚህ ላይ ሕጉን ጠብቆ በዚያ ላይ የሚጥል ሰው ያሻውን ዓለም አሸናፊ ማድረግ ይችላል። እንዲህ ያለው ፍርድ የፊዚክስ ፍርድ አይደለም፤ የዳኛው ፈቃድ ነው።

ሁለተኛው፣ ልብ ወለድን እንደ ቤተ ሙከራ መዝገብ መቍጠር ነው። የነበልባሉን ስፋትና የፍንዳታውን ፍጥነት የወሰነው ተፈጥሮ አይደለም፤ ለተመልካች ዐይን እንዲያምር ያሰበ ባለሙያ ነው። አየር በሌለበት ሕዋ ድምፅ አይሰማም፤ በሲኒማው ግን ይሰማል። ለጆሮ ተብሎ የተጨመረውን ድምፅ ይቅር የሚል ሰው፣ ለዐይን ተብሎ የተሣለውን ነበልባል በሜትር ሊለካ አይገባውም።

ሦስተኛው ከሁለቱ የከፋ ነው፤ ይኸውም ታሪኩ ራሱ የሚናገረውን አለመስማት ነው። ያች ታላቅ ምሽግ የጠፋችው ከእርሷ የበለጠ ጁል ባለው መሣሪያ አልነበረም፤ በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ በገባች ጥይት ነው እንጂ። ታሪኩ ቍጥሩ የበዛ አያሸንፍም ሲል፣ ተከራካሪዎቹ ከታሪኩ ቍጥር አውጥተው ቍጥሩ የበዛ ያሸንፋል ይላሉ። መጽሐፍን አንብቦ የመጽሐፉን ተቃራኒ መያዝ ይህ ነው። ጕዳቱም በአንባቢው ላይ ነው፤ ይህን ልማድ የያዘ ወጣት ደካማው ሰው ለምን እንደ ጸና፣ ብርቱው ለምን እንደ ወደቀ ሳይጠይቅ ያልፋል፤ ማንበቡን ሳይተው ማስተዋሉን ይተዋል።

ስሌት በስፍራው ሲቀመጥ ግን ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚያሳይ ሌላ ምሳሌ አለ። አሜሪካዊው ላሪ ኒቨን በ1970 ዓ.ም. በአንዲት ፀሐይ ዙሪያ፣ ምድር ከፀሐይዋ በምትርቀው ርቀት ያህል፣ ታላቅ ቀለበት ተሠርቶ ሰዎች በውስጡ እንደሚኖሩ የሚናገር መጽሐፍ አወጣ። በ1971 ዓ.ም. በተደረገ የአንባቢዎች ጉባኤ ላይ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎች ቀለበቱ የተረጋጋ አይደለም እያሉ ጮኹበት። እውነታቸውን ነበር፤ ማክስዌል በ1859 ዓ.ም. ስለ ሳተርን ቀለበቶች ባሳተመው ጽሑፍ፣ አንድ ወጥ ጠጣር ቀለበት ጥቂት ከተገፋ ወዲያ በዚያው ወገን እየወደቀ እንደሚሄድ አስረድቶ ነበርና። ኒቨንም አልተቈጣም፤ በ1980 ዓ.ም. ሁለተኛ መጽሐፍ ጽፎ ቀለበቱ ከስፍራው ተነቃንቆ ወደ ፀሐዩ ሊወድቅ እንደ ተቃረበ፣ ነዋሪዎቹም ሊጠፉ እንደ ሆነ ተረከ። ተማሪዎቹ ቀለበቱ ስንት ጦር ያሸንፋል አላሉም፤ ይህ ዓለም በራሱ ሕግ ይቆማልን ብለው ጠየቁ። ከዚህ ጥያቄ አዲስ ታሪክ ተወለደ።

ይህ ነገር ለቅኔ አዋቂዎች እንግዳ አይሆንም። ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው። ሰሙ የተሰበረ እንደ ሆነ ወርቁ ቅርጹን አጥቶ ይፈስሳል፤ ስለዚህ መምህሩ አስቀድሞ ሰሙን ይመረምራል፤ ቃሉ ከቃሉ መስማማቱን፣ ምሳሌው ከራሱ አለመጣላቱን ያያል። ነገር ግን ሰሙን መዝኖ የወርቁን ዋጋ አወቅሁ የሚል መምህር የለም። በልብ ወለድ ዓለም ፊዚክስ የሰሙ መርማሪ ነው። ደራሲው ያጸናውን ሕግ መጠበቁን፣ ያስቀመጠውን ሐሰት ዕዳ መክፈሉን፣ በጭንቅ ሰዓት ከገዛ ቃሉ አለመሸሹን ይመሰክራል። ዳንቴ በምድር እምብርት ላይ ይህን ምስክርነት አግኝቷል፤ ዌልስም በዐውሎ ነፋሱ አግኝቷል። የጣራው መፍረስና የግዙፉ ሰው ጭን መሰበር ግን ሰሙ ለወርቁ ያልተሸከመው ጭነት ስለ ሆነ፣ መጽሐፉን አልጐዳውም።

ስለዚህ የሚያሰላ ሰው ያስላ፤ ስሌቱንም በትክክል ያድርግ፤ ከዚያ በኋላ ግን የጁሉን ቍጥር አስቀምጦ፣ በጥርጥር ግንብ የታሰረውን መንገደኛ ከእስር ያወጣው ምን እንደ ነበረ ይጠይቅ።